ጠይሟን የቋጥኝ ወፍ ያሳየኝ ባይኖኩላር

ባለፈው መስከረም እቁብ ደረሰኝና 22,000 ብር አውጥቼ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ገዛሁ። እህቴ ሳጥኑን እያገላበጠች «ይሄ ሁሉ ብር ለወፍ?» አለችኝ። አዎ፣ ለወፍ ነው። እውነቱን ልናገርና ለአንዲት ወፍ ነው። ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ጠቆር ያለች፣ መተሐራ አጠገብ በጥቁር ድንጋይ ላይ የምትኖር ወፍ።

የምኖረው አዳማ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ወፍ መመልከት ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ባይኖኩላር ከገዛሁ ወዲህ አራት ጊዜ መተሐራ ወስጄዋለሁ። አቧራ ጠጥቷል፣ ላብ ነክቶታል፣ አንዴም ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል። ስለዚህ የምጽፈው ሱቅ ውስጥ ለአፍታ አንስቼ ስላየሁት ዕቃ አይደለም። የአምራቹን ስም አልጠቅስም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ባለ 8 በ 42 መነጽሮች (የቁጥሮቹን ትርጉም ወደ ታች እነግራችኋለሁ) ባህሪያቸው ይቀራረባል፤ የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

መጀመሪያ ወፏን ላስተዋውቃችሁ። እሷን ካላወቃችሁ መነጽሩ ምን እንደሠራልኝ አይገባችሁም።

ሳይንሳዊ ስሟ ኦይናንቴ ዱቢያ ነው። በ1899 በፈረንጆች አቆጣጠር ብሉንዴልና ሎቫት የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ናቸው ለሳይንስ ያስተዋወቋት። ዱቢያ የላቲን ቃል ነው፤ አጠራጣሪ ማለት ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «ጠይሟ የቋጥኝ ወፍ» እያልኩ ነው የማስተምራት። ዋና መኖሪያዋ አገራችን ነው። በይበልጥ የምትታወቀውም በፈንታሌ ተራራና በዙሪያው ባለው የላቫ ድንጋይ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች እሷን ፍለጋ በሰቃ ሐይቅ ዳር መኪናቸውን ያቆማሉ። በዚያ መንገድ ስንት ሺህ ሰው ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ያልፋል! በመስኮት የሚያያት ግን የለም።

የሚያስቸግረው ጎረቤቶቿን የምትመስል መሆኗ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ሁለት ዘመዶቿ ይኖራሉ። አንደኛዋን «ጭራ ጥቁሯ» እላታለሁ። ጀርባዋ አመድማ ነው፤ ጭራዋና ከወገቧ በታች ያለው ግን ድብን ያለ ጥቁር ነው። አንድ ቦታ ረግታ አትቀመጥም። ጭራዋን ዝቅ አድርጋ ትዘረጋዋለች፣ ክንፏን ከፈት ታደርጋለች፣ መልሳ ትሰበስባለች። ይህቺ ወፍ ብዙ አገር አላት። እስራኤል የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ ከሙት ባሕር ዳር ፎቶዋን ልካልኛለች። ወፏ ማሳዳ ምሽግ ላይ ከተማሪዬ እግር ሥር ፍርፋሪ ስትለቅም ነበር ያነሳቻት። «ቲቸር፣ የመተሐራዋ ወፍ እዚህም አለች» ብላ ጽፋልኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሁለተኛዋን «ጭራ ቡኒዋ» እላታለሁ። ዋናዋ አሳሳች እሷ ናት። ቡኒ ግራጫ ነች። ሆዷ ነጣ ይላል። ከጭራዋ ሥር ያለው ላባ ደግሞ ክሬም የመሰለ ነው። ጠይሟ ከእሷ ትጠቁራለች። ሆዷና ጀርባዋ ብዙ አይለያዩም። ከጭራዋ ሥር ያለው ላባ ጠቆር ያለ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ይላል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው እዚያ፣ ጭራዋ ሥር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ወፏ ደግሞ ሠላሳ ሜትር ርቃ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ እየወጣባት ነው የምትገኘው።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፈልጌያት በጥርጣሬ ተመልሻለሁ። ያኔ የነበረኝ 10 በ 25 የምትባል፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መነጽር ነበረች። ያቺው እስራኤል ያለችው ተማሪዬ ናት ያመጣችልኝ፤ ብዙ ዓመት አገልግላኛለች። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ላልያዛችሁ፦ የመጀመሪያው ነገሩ ስንት ጊዜ ቀርቦ እንደሚታይ ነው። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። 25ን ለ10 ስናካፍል 2.5 ሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስናካፍል ከ5 ሚሊሜትር ይበልጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲደምቅ የዓይናችን ብሌን ስለሚጠብ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም። ማለዳ ላይ ግን ብሌናችን ሰፍቶ ብርሃን ይለምናል። ጠይሟ ወፍ ደግሞ በደንብ የምትታየው ማለዳ ነው። በትንሿ መነጽር ያየሁት ሁሉ ከድንጋዩ ጋር የተዋሃደ ጥቁር ነጥብ ነበር። ጭራ አለው፣ ምንቁር አለው፣ ሌላ ነገር የለውም።

በ2017 ዓ.ም. እንደገና ልሞክር አስቤ ነበር። የፈንታሌ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረና ተውኩት። ያንን ወቅት አትረሱትም። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ወጣ። አዳማ እኛ ቤት እንኳ ሌሊት መስታወቱ ይንኳኳ ነበር። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ ስለ ወፍ ማሰብ አልሆነልኝም። አካባቢው እስኪረጋጋ ጠበቅሁ።

ግዢው እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ አንድ የካሜራ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ 20 በ 50 የሚል ትልቅ ዕቃ ነው። «እናቴ፣ ይሄኛው ጨረቃን ያሳያል» አለኝ። ጨረቃን በደንብ ያሳይ ይሆናል። ለወፍ ግን አይሆንም። ማጉላቱ ሲጨምር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የሚታየው ሜዳም ይጠባል። ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ወፍ በጠባብ ቀዳዳ ፈልጋችሁ ሳታገኙ እሷ ትሄዳለች። በዚያ ላይ የቆላ ሙቀት አለ። ከድንጋይ የሚነሳው ወላፈን አየሩን ያርገበግበዋል፤ መነጽሩ ያንንም ነው የሚያጎላው። ስለዚህ ለወፍ ከ8 እስከ 10 ይበቃል። እኔ 8 መረጥኩ።

ሱቅ ውስጥ የሞከርኩትን ልንገራችሁ፤ ይጠቅማችኋል። ሻጩን አስፈቅጄ በር ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ መንገዱን ተሻግሮ ያለ የመብራት ገመድ ላይ አነጣጠርኩ። ገመዱ ሰማይ ላይ ሲታይ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ክር ከያዘ ሌንሱ ቀለም ያፈስሳል ማለት ነው። ይሄኛው መሐል ላይ ንጹሕ ነበር፤ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሐምራዊ አለው። ቀጥሎ የሕንጻ ማስታወቂያ አነበብኩ፤ መሐሉም ዳሩም ይነበባል ወይ ብዬ። ከዚያ የራሴን ጫማ አየሁ። አትሳቁ! በሁለት ሜትር ርቀት ጥርት አድርጎ የሚያሳይ መነጽር ለቢራቢሮም ለአበባም ይሆናችኋል። የጫማዬን ስፌት ቆጥሬበታለሁ።

አራተኛው ፈተና እንደ እኔ የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የባይኖኩላሩ የዓይን ጎማ ወደ ታች የሚዞር መሆኑን እዩ። ጎማውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ መነጽራችሁን ሳታወልቁ፣ ሙሉውን ክብ ማየት አለባችሁ። ዙሪያው ጨልሞ መሐሉ ብቻ ከታያችሁ ለእናንተ አይሆንም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ተዉት። ይሄኛው ሙሉውን አሳየኝ። ያኔ ነው የወሰንኩት።

አሁን ወደ መተሐራ።

ኅዳር ውስጥ አርብ ከሰዓት ተማሪዎቼን አሰናብቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መተሐራ አደርኩ። ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ወደ በሰቃ ዳር ሄድኩ። ይህ ሐይቅ እየሰፋ ስንት መሬት እንደወሰደ መንገዱን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከስልሳ ዓመት በፊት ትንሽ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከአስር እጥፍ በላይ ሆኗል። ከሐይቁ ወዲህ ጥቁሩ ላቫ ይጀምራል። በፈንታሌ ግርጌ ለመጨረሻ ጊዜ ላቫ የፈሰሰው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ለድንጋይ ይህ ትናንት ማለት ነው። አፈር አልያዘም። ሣር እዚህም እዚያም ብቻ ነው ያለው። ጠርዙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል። ስስ ሸራ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ።

መንገድ የሚያሳየኝ የከረዩ (የአካባቢው አርብቶ አደሮች) ልጅ ነው። ቢበዛ ሃያ ዓመቱ ነው። ፍየል ሲጠብቅ ያደገው እዚያው ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ድንጋዩን እንደ ሜዳ ይሄድበታል። እኔን ሁሉም ሰው እንደሚጠራኝ «ቲቸር» ይለኛል። ለግማሽ ቀን 600 ብር ተስማማን። መነጽሩ ዋጋውን አወጣ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ከ22,000ው በፊት ይህቺን 600 አስቀድሙ። ወፏ የት እንደምታድር የሚያውቀው እሱ ነው።

የመጀመሪያዋን ወፍ እሱ ነው ያሳየኝ። «ቲቸር፣ ያቻትና። ይዩዋት፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በላይ» አለኝ። መነጽሩን አነሳሁ። ገና ፎከሱን ሳላስተካክል ጭራዋን ዘርግታ ሰበሰበች። ክንፏን ከፈት አደረገች። ጭራ ጥቁሯ ናት። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። እሷን ለማወቅ ጥሩ መነጽርም አያስፈልግም፤ ጠባይዋ ይናገራል።

ሁለተኛዋ አርባ ደቂቃ ወሰደችብኝ። ፀሐይዋ ገና ከአድማስ ብቅ ስትል ነበር። ወፏ በብርሃኑና በእኛ መካከል ሆነች። በዚህ አቀማመጥ ማንኛዋም ወፍ ጥቁር ናት። «እሷ ናት፣ እሷ ናት» እያለ ልቤ ይመታል። የቸኮለ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የተቀመጠችበት ድንጋይ ጥቁር ከሆነ ወፏ ከሆነችው በላይ ነጣ ብላ ትታያለች። ድንጋዩ ነጣ ያለ ከሆነ ትጠቁራለች። ስለዚህ «ምን ያህል ጠቁራለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። ወፏን ከራሷ ጋር ነው ማወዳደር ያለባችሁ። ጭራዋ ከጀርባዋ ይለያል ወይ? ሆዷ ከደረቷ ይነጣል ወይ? ከጭራዋ ሥር ያለውስ ከሆዷ ጋር እንዴት ነው? እኛ ዞረን ፀሐይን ከጀርባችን አደረግን። ያኔ ሆዷ ነጣ አለ፣ ጭራዋ ሥርም ክሬም ሆነ። ጭራ ቡኒዋ ነበረች። በአሮጌው መነጽር ቢሆን ኖሮ ጠይሟን አየሁ ብዬ ጽፌ ተመልሼ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ልጁ ቆመ። ምንም አላለም፤ በዱላው ብቻ አሳየኝ። ከእኛ በላይ፣ የላቫው ጠርዝ ላይ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ጭራዋን አትዘረጋም። ዝም ብላ ወደ ታች ታያለች፤ መሬት ላይ ነፍሳት የምትጠብቅ ትመስላለች። ቁጭ አልኩ። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩ። ይህን ልመዱት፤ ቆማችሁ ከምታዩት በእጥፍ ይረጋላችኋል። ፎከሱን ቀስ ብዬ አዞርኩ።

ጀርባዋ ጠቆር ያለ ግራጫ ቡኒ። ጭራዋ ከዚያ ትንሽ ብቻ ይጠቁራል፤ እንደ ጭራ ጥቁሯ ተቆርጦ የተለየ አይደለም። ደረቷና ሆዷ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። እኛ ከታች ስለነበርን ዕድለኞች ነን። ነፋስ መጣ። ሚዛኗን ለመጠበቅ ጎንበስ ስትል ጭራዋ ከፍ አለ። ሥሩ ታየኝ። ጠቆር ያለ ላባ ነው፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መስመር። ቆጥሬዋለሁ። ያን ጊዜ የ22,000 ብሩ ነገር ከልቤ ወጣ።

መነጽሩን ለልጁ ሰጠሁት። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየው። የእሱ ዓይኖች ከእኔ ይልቅ ይቀራረባሉ። መሐሉ ላይ ያለውን ማጠፊያ አጥብበን ሁለቱ ክቦች አንድ እንዲሆኑ አደረግን። ከዚያ ቀኝ ዓይን በኩል ያለችውን የማስተካከያ ቀለበት ለእሱ ዓይን አስተካከልኩለት። ይህቺን ቀለበት ብዙ ሰው አያውቃትም። ግራ ዓይናችሁን በመሐለኛው ፎከስ ታጠራላችሁ፣ ከዚያ ቀኙን በቀለበቷ። አንዴ ከሠራችሁት በኋላ ለሁልጊዜው በመሐለኛው ብቻ ትሠራላችሁ። መነጽር ገዝተው «ያደክመኛል፣ ራሴን ያመኛል» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይህቺን ያልነኩ ናቸው።

ልጁ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «ቲቸር፣ ጭራዋ ሥር የዓሣ ቅርፊት ይመስላል» አለኝ። ስለዚህች ወፍ ካነበብኩት ሁሉ እንዲህ ቁልጭ ያለ ገለጻ አላገኘሁም። ማስታወሻዬ ላይ በእሱ ቃል ጻፍኩት።

ለአስራ አንድ ደቂቃ አየናት። ድምፅ አላጫወትኩም። አንዳንድ ሰው የወፍ ድምፅ በስልኩ እያጫወተ ወፎችን ይጠራል። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ለምትኖር ወፍ ይህን አታድርጉባት። ተቀናቃኝ መጣብኝ ብላ ምግቧን ትታ ትሯሯጣለች። በየሳምንቱ መኪና የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ነው።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ መነጽሩ ሥራውን አቆመ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ድንጋዩ ሞቀ፣ አየሩ መርገብገብ ጀመረ፣ ወፎቹ እንደ ውሃ ውስጥ ጥላ ሆኑ። የፈለገ ውድ መነጽር ይህን አያስተካክልም። ስለዚህ መተሐራ ለወፍ የምትሄዱ ከሆነ ሥራችሁን ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ከዚያ ከተማ ገብታችሁ ፉል ብሉ።

አሁን የመነጽሩን እንከን ልንገራችሁ፤ ትንሽ አይደለም።

ትልቁ እንከን ፎከስ ማዞሪያው ነው። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ መንኮራኩሩ ሥር ደቃቅ አቧራ ገባ። ሲዞር አሸዋ እንደሚፈጭ ይሰማል። ብርድ ባለ ጠዋት ደግሞ ይጠጥራል። ወፏ ስትነሳ በአንድ ጣት ፈጥናችሁ ማዞር አለባችሁ፤ ሲጠጥር ታመልጣችኋለች። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ እየጠረግኩ ነው የምኖረው፤ ይሻለዋል እንጂ አይድንም። ሳጥኑ ላይ ውሃ አያስገባም፣ ውስጡ ናይትሮጅን ተሞልቷል ይላል። ሌንሱ ውስጥ እውነትም ጭጋግ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ውሃ አለማስገባት ሌላ፣ ማዞሪያው ሥር አቧራ አለማስገባት ሌላ ነው። ለቆላ የምትገዙ ከሆነ ማዞሪያውን ሱቅ ውስጥ ደጋግማችሁ አዙሩት፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ተጠራጠሩ።

የፊተኛው ሌንስ ክዳኖች ልል ናቸው። አንደኛው በመጀመሪያው ቀን ላቫው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ወደ ሱቁ ደወልኩ። ስገዛ በቃል የአንድ ዓመት ዋስትና ተሰጥቶኝ ነበር። ደረሰኙ ላይ ግን አልተጻፈም። «ክዳን አይመለከተንም፣ የማዞሪያውም አቧራ የአጠቃቀም ነው» ተባልኩ። በጣም ነው ያዘንኩት። እናንተ ዋስትናውን ደረሰኙ ላይ ሳታስጽፉ ብር አትቁጠሩ። ክዳኑን እህቴ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጣ በላስቲክ ሠራችልኝ፤ ከፋብሪካው ይሻላል።

ክብደቱ 700 ግራም ይጠጋል። ሱቅ ውስጥ ምንም አይደለም። አራት ሰዓት አንገት ላይ ሲውል ግን ሌላ ነው። አብሮት የመጣው ማንገቻ ቀጭን ናይለን ነው፤ ማጅራቴን ልጦታል። በሁለት ትከሻ የሚታሰር ማንገቻ አሠራሁ፤ ክብደቱ ጀርባዬ ላይ ዋለ። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ በክቡ ታችኛው ጫፍ ነጭ ጮራ ይገባል። ከባርኔጣዬ ጥላ ሥር ስይዘው ይቀንሳል።

ሌንስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉ። የላቫ አቧራ መስታወት ነው ማለት ይቻላል፤ ይሞጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ጎማ ንፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ።

ፎቶ ለምትጠይቁኝ፦ ስልኬን የዓይን ጎማው ላይ አስጠግቼ ሠላሳ ፎቶ አንስቻለሁ። የተሳካው አንድ ነው፤ እሱም ጀርባዋን ብቻ ያሳያል። ለማስረጃ አይበቃም። የሚሻለው ወዲያው መጻፍ ነው። ወፏ እፊታችሁ እያለች፣ ሳትረሱ፣ ስዕሉም ባያምር ሳሉት። እኔ ክብ ሆድና ጭራ ስዬ ቀለሙን በቃላት እጽፍበታለሁ። ሰዓቱን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረችና ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነም እጨምራለሁ። መጽሐፍ የምገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን አስቀድማችሁ ካያችሁ ዓይናችሁ ያየውን ሳይሆን የፈለገውን ይጽፋል።

አንድ ሌላ ነገር። በዚያ መንገድ ኬላ አለ። ባይኖኩላር ሲያዩ ይጠይቃሉ፤ ቢጠይቁም አይፈረድባቸውም። እኔ የመምህርነት መታወቂያዬንና ማስታወሻ ደብተሬን አሳያለሁ። አንዱ ፈታሽ ወፎቹን በስዕል አይቶ «ይቺን እኛ ሰፈር አውቃታለሁ» ብሎ በትዕግሥት አዋርቶኛል። ድልድይ፣ ባቡር ሐዲድና የጸጥታ ኃይል ያለበት ቦታ ላይ መነጽሩን አታንሱ። አዋሽ ፓርክ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ በሩ ላይ ክፍያ አለ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቦበታል። ፓርኩ ውስጥ ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎቹን (ረጅም ቀንድ ያላቸውን የዱር እንስሳት) ስታዩም ይህ መነጽር ያስደስታችኋል። ሰፊ ሜዳ ስለሚያሳይ መንጋው ሳይቆራረጥ ይገባል።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ ግዙት። ለጀማሪም፣ ለመምህርም፣ ለትምህርት ቤት ክበብም ይሆናል። አዳማ ዙሪያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ዝዋይ ላይ ለምታዩት ሁሉ ከበቂ በላይ ነው። በየሳምንቱ ቆላ የምትወርዱ አስጎብኚዎች ከሆናችሁ ግን ማዞሪያው አይችላችሁም፤ ጨመር አድርጋችሁ ጠንካራውን ግዙ። በ22,000 ብር ከጭራ ሥር ያለ ቅርፊት በሠላሳ ሜትር ለይቶ ማሳየቱ ለእኔ በቂ ነው።

አሮጌዋን 10 በ 25 ለልጁ ሰጠሁት። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አሁን ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ትል ይዛ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፣ ባዶዋን ትወጣለች» አለኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ጭራዋ ሥር ቅርፊት አላት?» አልኩት።

«ገና አልዞረችልኝም» አለኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።